ያጋየነው አፈር

ግንቦት 20

የግድቡን ዳር ለማጠንከር ያዘዝነው ኖራ ዛሬም አልመጣም። ግዥ ክፍል ሄጄ «መቼ ነው?» ብል ሰውዬው የሻይ ብርጭቆውን እንኳ ሳያስቀምጥ «በሂደት ላይ ነው» አለኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በሂደት ላይ ያልሆነ ነገር ቢኖር ብርዱ ብቻ ነው፤ እሱ መቼም ሰዓቱን አያሳልፍም። እዚህ ስኖር ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ አሁንም በግንቦት ካልሲ ደርቤ እተኛለሁ። አከራያችን ባዩኝ ቁጥር «የአረርቲ የቆላ ልጅ እዚህ ብርድ ምን አመጣህ?» ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ እንጀራ ነዋ!

ከሰዓት ጭራ ሜዳ ግድብ ነበርኩ። ውኃው ጎድሏል፣ የዳሩ ጥቁር መረሬ ተሰነጣጥቆ አፉን ከፍቷል። ክፉ አፈር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል፣ ክረምት ሲመጣ ያብጥና ሊጥ ይሆናል፣ ከዚያ ማዕበሉ በትንሽ በትንሹ ይገምጠዋል። ግድቡ ውኃ ከያዘ ወዲህ በየክረምቱ ዳሩ ወደ ኪዳነ ምሕረት እየተጠጋ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ስለሆነ አይደርስበትም። መቃብሩ ግን ከታች ነው።

ሰበካ ጉባኤው በዳሩ በኩል ያሉትን አጽሞች ወደ ላይ ለማፍለስ ወስኖ አብዛኞቹ ወጥተዋል። ቄስ ወልደአረጋይ እንደነገሩኝ በሀገሩ ልማድ ሰባት ዓመት ያልሞላው አስከሬን አይነካም። እንዲህ ያለው አንድ መቃብር ብቻ ነው፣ የወይዘሮ አልታየች ልጅ የሔራን። ከተቀበረች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ቄሱ ግን ለእሷም ከሀገረ ስብከት ፈቃድ አምጥተዋል፤ ክረምት ሳይገባ ትውጣ ተብሏል።

ይህን ለአለቃዬ ለኢንጂነር ሙሉጌታ በስልክ ስነግረው፣ «ናቲ፣ መቃብር የሌለበት ዳርቻ ላይ ማን ገንዘብ ያወጣል? ሥራው የጸደቀልን በመቃብሩ ምክንያት ነው እኮ» አለኝ። እንዲሁ ያለው ነው፤ ትእዛዝ አይደለም።

ግንቦት 23

ወይዘሮ አልታየች ቤት ሄድኩ። ከላቸውን እስካሁን አላወለቁም። ሔራን አንድ ናት፣ ሌላ ልጅ የላቸውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ስትጠብቅ ኩላሊቷ ነው የገደላት።

«ልጄ፣ ስትታመም አይቻታለሁ፣ ስትሞት አይቻታለሁ» አሉኝ። «አሁን ደግሞ ሳጥኑ ተከፍቶ ልያት? እሱን አልችልም። ቄሱ አውጫት ይሉኛል፣ ጎረቤቱ አውጫት ይለኛል። አንተ የተማርከው ምን ትለኛለህ?»

«አይንኳት እማማ። ዳሩን እናክመዋለን» አልኳቸው።

«አፈርም ይታከማል?»

«ይታከማል።»

ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። «ኧረ በማርያም!» አልኩ። አፈርኩ።

ለእሳቸው ብዬ ነው። የሙሉጌታ ነገር በዚያ ሰዓት ትዝም አላለኝ። ትዝ ብሎኝም ከሆነ ቀድሞ የታየኝ ፊታቸው ነው። ይህን እዚህ የምጽፈው በኋላ እንዳይምታታብኝ ነው።

ግንቦት 27

ኖራ በዚህ በጀት ዓመት የለም። በቃ። «ለሚመጣው ዓመት እንይዝልሃለን» አሉኝ። ለሚመጣው ዓመት! ማዕበሉን ቀጠሮ ስጠው እንደማለት ነው።

ትናንት ከመስክ ስመለስ ግን አንድ ነገር አየሁ። ከአንኮበር መንገድ ወዲህ ገበሬዎች ለገብስ መሬታቸውን ያጋያሉ። የቆየ ልማድ ነው። የደረቀውን ጓል ይከምሩና መሐሉን ኩበትና ገለባ አድርገው ከላይ በአፈር ያፍኑታል፣ ለቀናት ውስጥ ለውስጥ ይጨሳል። ሲያበቃ ጥቁሩ መረሬ ቀይ ሆኖ ይወጣል። አያብጥም፣ አይጣበቅም፣ ጭቃ አይሆንም። ገብሱም በዚያ ዓመት ደኅና ይይዛል። መኪናው መስኮት ላይ ተለጥፌ ጭሱን እያየሁ አሰብኩ። እሳት ያየ ሸክላ ውኃ ያሟሟዋል እንዴ? እንስራ ይሟሟል?

ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ አደርኩ። ዳሩን አናት አናቱን እንልጣለን፣ እናጋየዋለን፣ መልሰን እንደለድለዋለን። ገንዘብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ኩበትና ሰው ነው።

ጠዋት ለባለቤቴ ለሕይወት እየተጣደፍኩ ነገርኳት። ክር ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ ለፈረቃዋ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና ብላ፣ «የጋየ አፈር ለገብስ የሚስማማው ስለሚላላ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አለችኝ።

«ስንደለድለው ይጠብቃል» አልኳት።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ይቺን «አንተ ታውቃለህ» የምትለውን ነገር አልወዳትም። ቀኑን ሙሉ ክር ስታይ የምትውል ሴት ስለ አፈር ልታስተምረኝ! (ይህን ለእሷ አላልኩም። ብያለሁ። ጮክ ብዬ አይደለም።)

ሰኔ 4

እሳቱ ተለኩሷል። ሀገሬው እንዲህ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ሽማግሌዎቹ «የአባቶቻችንን ሥራ መንግሥት ዛሬ አወቀልን» እያሉ ይስቃሉ። ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ዶማ ሲጥሉ ይውላሉ። አንድ ጎልማሳ፣ «ኢንጂነር፣ ዳሩን ካጋየን በኋላ ገብስ እንዝራበት?» ሲል ሁሉም አውካካ። እኔም ሳቅኩ። ኢንጂነር አይደለሁም ማለት ነበረብኝ።

ኩበቱን በየቤቱ አዋጡ። ወይዘሮ አልታየች በጋውን ሙሉ ጠፍጥፈው የከመሩትን አንድ ሳያስቀሩ በአህያ አስጫኑት። «እማማ፣ ክረምቱን ምን ሊያነዱ ነው?» ብላቸው «ልጄ ትሙቅ እንጂ እኔስ እለምደዋለሁ» አሉኝ።

ልብሴ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል።

ሰኔ 9

ክምሮቹ ገና ይጨሳሉ። አንዱን ከፍቼ አየሁት፣ ቀይ። እንደ ጡብ! በእጄ ጨመቅኩት፣ ፍርፍር አለ። ከመደልደሉ በፊት መፈርፈሩ ያለ ነው።

ሰኔ 18

አለቀ። ቀዩን አፈር በዳሩ ሁሉ ላይ አልብሰን፣ ውኃ እያርከፈከፍን በግንድ ጠቀጠቅነው። ከላይ ሲታይ ዳሩ ቀይ ቀበቶ የታጠቀ ይመስላል። ቄስ ወልደአረጋይ መጥተው ጸበል ረጩበት።

በዳሩና በሔራን መቃብር መካከል የብረት ችካል ተከልኩ። መለኪያዬ ነው፤ ውኃው ምን ያህል እንደበላ የማውቀው ከእሱ ነው። ጫፉን ቀይ ቀለም ስቀባው ወይዘሮ አልታየች አጠገቤ ቆመው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ይህ ችካል እዚህ ቆሞ እስካዩት ድረስ ምንም አይስጉ» አልኳቸው።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ስለ መለኪያ ከማስረዳት ቀለለኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ችካሉን በመዳፋቸው ነካ ነካ አድርገው ተሳለሙት። ኧረ ብረት ነው፣ ምን ይሳለሙታል!

ሰኔ 27

ሰማዩ ተቀዷል። ሦስት ቀን ያለ ማቋረጥ። ዳሩ ንቅንቅ አላለም። ግራና ቀኝ ያላጋየነው ዳር እየተቦደሰ ሲወርድ የኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሙሉጌታ ፎቶውን በመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ «ሀገር በቀል ዕውቀት ከሳይንስ ጋር» ብሎ ጻፈበት። ሰዉ የላከለት አውራ ጣት በሽበሽ ነው። «ለሚ ከተማ በኩልም አንድ ግድብ አለ፤ ከክረምት በኋላ አንተን ነው የምልክህ» አለኝ።

ለሕይወት ፎቶውን አሳየኋት። «ጎሽ» አለች። ከልቧ ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ።

ሐምሌ 4

ዳሩ ያልበዋል። ከቀዩ አፈር በታች፣ ከጥቁሩ ጋር በሚገናኝበት፣ ቀጭን ውኃ ይወጣል። ጥርት ያለ ውኃ ነው፣ አፈር አልያዘም። የሚያሳስብ አይደለም። ዝናቡ መውጫ ማግኘቱ እንዲያውም ጥሩ ነው። እንዲያውም ጥሩ ነው።

ሐምሌ 12

በግድቡ በኩል ወደ ጎሩቤላ የሚሄደው መኪና ዘገየ። ዝናብ። ቦቲ ጫማዬ ውኃ ያስገባል።

ስንጥቅ አየሁ። ከችካሉ ወዲያ፣ ወደ ውኃው በኩል፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ። ቀጭን ነው፣ ጣት አያስገባም።

ጣቴን ሞከርኩ። ገባ።

ሐምሌ 17

በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት ስደርስ ጭጋጉ እጅህን አያሳይህም። ከታች ማዕበሉ ሲላተም ይሰማል፣ ውኃው ራሱ አይታይም። ችካሉ ጋ ስደርስ ተጋድሟል። ከፊቱ ያለው ዳር ቁልቁል ሄዷል፤ ቀዩ አፈር እንዳለ ተንሸራቶ ውኃው ውስጥ እንደ ሳህን ተቀምጧል። ችካሉ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ትንሽ ብዘገይ ውኃ ይበላው ነበር፣ እሱ ከጠፋ ደግሞ መለኪያ የለኝም። ስለዚህ ነቀልኩት። ወደ ኋላ ወስጄ፣ ወደ መቃብሩ ጠጋ አድርጌ በድንጋይ መትቼ ተከልኩት። ማንኛውም ባለሙያ የሚያደርገው ነው። አዲሱን ቦታ ይመዘግብና ይቀጥላል።

እጄን እያራገፍኩ ሳለ ወይዘሮ አልታየች ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አሉ። ላስቲክ ተከናንበዋል። ጠዋት ጠዋት ችካሉን ሳያዩ ቤታቸው እንደማይገቡ ቄሱ ነግረውኛል። ቆመው አዩት። አማተቡ።

«ተመስገን፣ ቆሟል» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ተመስገን» ነው።

ከዚያ ደግሞ «አንተን የወለደች እናት ትባረክ» ብለው መረቁኝ። ማን ጠየቃቸው? ምርቃት ማን ፈለገ? ባይመርቁኝ ኖሮ እነግራቸው ነበር። ይህ ሰበብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንተ ሰውዬ፣ አውቃለሁ።

ሐምሌ 18

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሐምሌ 20

ራሴን አሞኝ ዋለ። ነገ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 21

ሄድኩ። ሰው ከበባቸው፣ አልተመቸኝም።

ሐምሌ 27

ቁርስ ላይ ሕይወት እጄን ይዛ፣ «ናትናኤል፣ ያቺ የሞተችው ልጅ እናት እንዴት ሆኑ?» አለችኝ።

«ደኅና ናቸው።»

«አንተ ግን ደኅና አይደለህም። ትናንት በእንቅልፍህ ቆፍሩ ቆፍሩ ስትል ነበር። ለምን አውጧት አትላቸውም?»

«በዚህ ዝናብ አይቻልም። ዳሩ ረጥቧል፣ ሲቆፈር ይናዳል።»

«እውነትህን ነው? ወይስ ማፈር ነው?»

ሻዬን ትቼ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ለእሷ መልስ ስሰጣት ዋልኩ፣ በሆዴ። ሁሉም ጥሩ ጥሩ መልስ ነበር።

ቢሮ አንዱ ለሌላው «የናቲ ሸክላ እንዴት ከረመ?» ሲል ሰማሁት። ሲስቁ ገባሁ። እኔም ስለ ሌላ ነገር የሚስቁ አስመስዬ ሳቅኩ።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። ወይዘሮ አልታየች ሱባኤ ይዘው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለች ጎጆ ውስጥ ያድራሉ። ኩበት ስለሌላቸው ቤቴ አይጨስም ብለው ዘግተውታል። እጃቸው ከብርዱ የተነሣ አባብጧል። «እዚህ ስሆን ከልጄ ጋር ጎረቤት ነኝ» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

ቄስ ወልደአረጋይ ወደ ጎን ወሰዱኝ። ጥላቸውን ለሁለታችን ዘርግተው ቀስ ብለው ነው ያናገሩኝ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያ ዳር ይቆማል? የማይቆም ከሆነ ወጣቶቹን ልጥራና ዛሬውኑ እናውጣት። ፈቃዱ እጄ ላይ ነው። እናትየውን እኔ አባብላታለሁ።»

ዛሬውኑ። ዛሬ ይቻል ነበር። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ወጣቶቹም እዚያው ለቅዳሴ ቆመው ነበር።

«መስከረምን ይሻገራል አባ» አልኳቸው። «ከዚያ ውኃው ይጎድላል፣ ይደርቃል። አሁን መንካት ነው አደጋው።»

አደጋ እንዳለው እውነት ነው። ውሸት አልተናገርኩም። ግማሹ ውሸት አይደለም። ግን እንዴት ብዬ ነው አሁን አውጧት የምለው? በግንቦት አይንኳት ያልኩት እኔ፣ ኩበታቸውን ያስነደድኩት እኔ። ቄሱ ረጅም ጊዜ አዩኝና «እንግዲህ በአንተ አፍ ታምነናል» አሉ። ጥላውን ለእኔ ትተውልኝ በዝናብ ሄዱ።

ነሐሴ 10

ችካሉን ድጋሚ። አሁን ከመቃብሩ መስቀል አጠገብ ነው። ከዚህ ወዲያ የምወስድበት የለም።

ውኃው ሞልቷል። ነፋሱ ከቆላው በኩል ነው።

ሙሉጌታ ደወለ። ለመስከረም ስብሰባ ፎቶ ይፈልጋል፣ «በቆንጆው በኩል አንሳው» አለኝ። አነሣሁ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ የሚስቀው ማን እንደሆነ አላውቅም እንጂ።

ነሐሴ 17

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቄሱ ደወሉ። «ና» ብቻ አሉ።

ትናንት የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ጾሙን ፈትቶ ደስ ብሎት ነው ያደረው። ሲነጋ ለኪዳን የመጡት ናቸው ያዩት። ዳሩ እስከ መቃብሩ መሐል ድረስ ተገምሷል፣ እንደ ዳቦ ቁራሽ። ሳጥኑ ለሁለት ተከፍሎ የእግርጌው በኩል አፈሩ ውስጥ ቀርቷል። የራስጌው የለም። ውኃው ድፍርስ ነው፣ ቡናማ፣ ምንም አያሳይም።

የተገመሰውን ፊት አየሁት። ዓይኔ ፈልጎ አይደለም፣ ሥራው አስለምዶት ነው። ከላይ ቀዩ፣ ከሥሩ መረሬው ገንፎ ሆኖ። ያጋየነው አፈር ዝናቡን እንደ ወንፊት ወደ ታች ሲያሳልፈው ከርሟል። ባናጋየው ኖሮ ቀስ ብሎ ከፊት ከፊቱ ይበላ ነበር፣ መቃብሩ ጋ ለመድረስ አንድ ሁለት ክረምት ይፈጅበት ነበር። እኛ ከሆዱ አጠጣነው። ሕይወት ያለችው ነው፤ ጫማዋን እያሰረች ያለችው።

ወይዘሮ አልታየች ከነልብሳቸው ውኃው ውስጥ ገብተው ነበር። ሁለት ወጣቶች በብብታቸው ይዘው ሲያወጧቸው አይጮኹም፣ አያለቅሱም። ዙሪያቸውን እያዩ «የቱ ጋ ነው? የቱ ጋ ነው የገባችው?» ብቻ ይላሉ። እኔን ሲያዩ «መጣህ ልጄ? አንተ ታውቀዋለህ፣ ውኃው ወዴት ነው የሚወስደው?» አሉኝ።

አላውቅም። አላውቅም አልኳቸው። ከዚያ ዳሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰዉ «አይዞህ» እያለ ትከሻዬን ይመታል። እኔን!

ነሐሴ 19

ጀልባ የለም። ወጣቶቹ ባዶ በርሜል በገመድ አስረው ሲያስሱ ዋሉ። የሳጥኑ ክዳን። ነጠላዋ። የተወሰነ አጽም። በጋቢ አድርገን ወሰድን።

ራሷን አላገኘንም።

ነሐሴ 20

አላገኘንም።

ነሐሴ 21

የተገኘውን ጉብታው ላይ ቀበርናት። ፍትሐት ሲደገም ቄሱ በክርስትና ስሟ ወለተሐና ሲሏት የማላውቃት ሌላ ሰው መሰለችኝና ለአንድ አፍታ ቀለል አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ወይዘሮ አልታየች ድንኳን ውስጥ ከዘመድ ተራ ጎናቸው አስቀመጡኝ። «ለልጄ የደከመላት እሱ ነው፣ ወንድሟ ነው» እያሉ ለመጣው ሁሉ ያስተዋውቁኛል። ሰው እየመጣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለኛል። እኔም «አሜን፣ አብሮ ያጽናን» እላለሁ። ንፍሮውን ቆነጠርኩ። በእጄ ይዤው ዋልኩ።

ነሐሴ 27

ሙሉጌታ አዝኗል። እውነት ነው፣ ድምፁ አዝኗል። ከዚያ፣ «ግድቡ ከመጠን በላይ ስለሞላ ነው። ሪፖርቱ ላይ መለኪያው እስከ ነሐሴ 16 ቆሞ እንደነበር ግለጽ። ቆሞ ነበር አይደል?» አለ።

«ቆሞ ነበር» አልኩት።

መስከረም 8

ኖራው መጣ። ሙሉ መኪና። ግቢው ውስጥ አራገፉትና ላስቲክ አለበሱት። የግዥው ሰውዬ በመስኮት «በል እንግዲህ ደረሰልህ!» ብሎ ጮኸልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለሕይወት ሁሉንም ነገርኳት። ችካሉን ጭምር። እራት አቅርባልኝ ፊቴ ተቀምጣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ «ለእኔ ነግረህ ምን ይሆናል?» አለችኝ።

መስከረም 20

ዛሬ ሄድኩ። ከሰዓት ነበር፣ ሜዳው ሁሉ አደይ ሆኗል። ወይዘሮ አልታየች ደጃቸው ላይ ገብስ ያበጥራሉ። ቤት ያፈራውን እንቅመስ ብለው ሊነሡ ሲሉ «እማማ፣ ይቀመጡ፣ የምነግርዎ አለኝ» አልኳቸው። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ብቀመጥ እንደማልናገር አውቀዋለሁ።

«ችካሉን እኔ ነኝ የነቀልኩት። በሐምሌ። ዳሩ ሲናድ ወደ ኋላ ወስጄ ተከልኩት። በነሐሴም ደገምኩት። እርስዎ ቆሟል ሲሉኝ ተመስገን አልኩ።»

ሰፌዳቸውን አላስቀመጡም። «አይቼሃለሁ» አሉ።

«አዩኝ?»

«በሐምሌ ጊዜ፣ በጭጋጉ። ድንጋይ ስትመታ ሰማሁና ቆምኩ። ስትተክል አየሁህ።» ትንሽ አበጠሩ። «የሚያውቅ ሰው ነው፣ ያለ ምክንያት አይነቅለውም አልኩ። ሥራው እንደዚያ መሰለኝ።»

ቢሰድቡኝ፣ በሰፌዱ ቢመቱኝ ምን ነበረበት! ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ገለባውን በእስትንፋሳቸው እፍ እያሉ ቆዩና ቀና አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትዋሸኝ። በግንቦት ቄሱ እናውጣት ሲሉኝ እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ በሙሉ ትወጣልኝ ነበር?»

ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግድቡ፣ ስለ ሳጥኑ እንጨት የምለው ብዙ ነበረኝ። ከአፌ አልወጣም።

«ትወጣ ነበር» አልኳቸው። «በሙሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የታወቀ ነገር እንደሰሙ ሁሉ። ሰፌዱን አስቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ስሄድ ከነጠላው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው አስቆሙኝ።

«በል ሂድ ልጄ» አሉኝ። «እየመሸ ነው፣ መኪና ታጣለህ።»

ሄድኩ። መኪና አላጣሁም።